የምሥጢር ቁጥርን በኮምፒዩተር ስለ ማውጣትና ስሕተቱን ስለ ማረም

የሰው ልጅ ንብረቱን ለመጠበቅ ቍልፍ መሥራት ከጀመረ እጅግ ረዥም ዘመን ሆኖታል። በዛሬው ጊዜ ግን ገንዘባችን፥ ደብዳቤያችንና የትምህርት ውጤታችን ሳይቀር በኮምፒዩተር ውስጥ ስለሚቀመጡ፥ ቍልፉም ብረት መሆኑ ቀርቶ ቁጥር ሆኗል። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በደራ ከተማችንም ነጋዴው፥ ገበሬውና የባጃጅ ነጂው በእጅ ስልኩ ገንዘብ ይልካል፤ ይቀበላል። ይኸውም ልማድ ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ይበልጥ ተስፋፍቷል። ታዲያ ይህን ሁሉ ንብረት የሚጠብቀው የምሥጢር ቁጥር ከወዴት ይመጣል? የሚያወጣውስ ማን ነው? ሌባ ሊገምተው የሚችል ቢሆንስ ምን ይከተላል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ መስጠትና በተለይም ፕሮግራም መጻፍ የሚማሩ ጓደኞቼ ከሚያጋጥሟቸው ስሕተቶች ዋና ዋናዎቹን ከነመታረሚያቸው ማስረዳት ነው።

1. ቶክን ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ሰው በኢንተርኔት ወደሚሰጥ አገልግሎት የይለፍ ቃሉን ጽፎ ሲገባ፥ ሰርቨር የሚባለው አገልጋይ ኮምፒዩተር አንድ ረዥም ጽሑፍ ያወጣና ለሰውዬው ስልክ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ስልኩ በየጊዜው ያን ጽሑፍ እያሳየ «እኔ ቅድም የገባሁት ነኝ» ይላል። ይህ ጽሑፍ ቶክን ይባላል። በሰርግ ቤት ጫማውን ወይም ካፖርቱን ያስቀመጠ ሰው የሚቀበለውን ምልክት ይመስላል፤ ምልክቱን የያዘ ሰው ዕቃውን ይወስዳልና። የይለፍ ቃሉን ለረሳ ሰው የሚላከው ማስተካከያ፥ በስልክ መልእክት የሚመጣው ባለ 6 አሃዝ ቁጥርም ከዚሁ ወገን ናቸው።

እንግዲህ ሰርቨሩ ቶክኑን ያመጣውን ሰው ፊቱን አይቶ አይለየውም። ቶክኑን የያዘ ሁሉ ባለቤት ሆኖ ይቈጠራል። ስለዚህ ቶክን ሊኖረው የሚገባ ዋና ጠባይ ቢኖር ማንም ሊገምተው የማይችል መሆኑ ነው።

2. ዕቁብና ዕጣው

ይህን ነገር ወላጆቻችን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። በዕቁብ ላይ የአባሎቹ ስም በትንንሽ ወረቀት ይጻፍና ተጠቅልሎ በአንድ ዕቃ ውስጥ ከተናወጠ በኋላ ዕጣ ይወጣል። ዕጣው ትክክል ነው የሚባለው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛ፥ በዕጣው ውስጥ ያሉት ሁሉ እኩል ዕድል ሊኖራቸው ይገባል። ሁለተኛ፥ የዕቁቡ ዳኛም ሆነ ጸሐፊው የሚወጣውን ስም አስቀድሞ ማወቅ የለበትም።

ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢሟላ አይበቃም። ለምሳሌ ያህል ጸሐፊው ለወሩ ሁሉ የሚወጡትን ስሞች ቤቱ ተቀምጦ በሚገባ አደባልቆ በደብተሩ ቢጽፋቸውና በስብሰባው ላይ ከደብተሩ ቢያነብ፥ ለአባሎቹ ዕጣ ይመስላቸዋል፤ ለደብተሩ ባለቤት ግን ዕጣ አይደለም፤ የታወቀ ነገር ነው። ዕጣ መምሰልና ዕጣ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር በዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስላለ አንባቢ እንዲይዛት እለምናለሁ።

3. ኮምፒዩተር ዕጣን እንዴት ይመስላል?

ኮምፒዩተር የታዘዘውን ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ወረቀት ጠቅልሎ የሚያናውጥበት እጅ የለውም። ስለዚህ ዕጣ የሚመስል ቁጥር እንዲያወጣ ሲታዘዝ ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ሒሳብ መሥራት ነው። ይህን በወረቀትና በእርሳስ መመልከት ይቻላል።

ከ0 እስከ 15 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ውሰድ። በ5 አባዛው፤ 3 ጨምርበት፤ ከዚያም ለ16 አካፍለህ ቀሪውን ብቻ ያዝ። በ1 ብንጀምር 8 እናገኛለን። ከ8 ደግሞ 43 ይመጣል፤ ለ16 ሲካፈል ቀሪው 11 ነው። በዚህ ዐይነት ብንቀጥል የሚወጡት ቁጥሮች 8፥ 11፥ 10፥ 5፥ 12፥ 15፥ 14፥ 9፥ 0፥ 3፥ 2፥ 13፥ 4፥ 7፥ 6፥ 1 ናቸው። ከዚያ በኋላ ተመልሶ 8 ይመጣል።

ደንቡን ለማያውቅ ሰው እነዚህ ቁጥሮች የተደባለቁ ይመስላሉ። ሁሉም ቁጥሮች እኩል አንዳንድ ጊዜ ስለ ወጡ የመጀመሪያው ጠባይ ተሟልቷል ማለት ነው። ደንቡን የሚያውቅ ሰው ግን አንዲት ቁጥር ብቻ ቢያይ ቀጥሎ የሚመጡትን ሁሉ እስከ መጨረሻው ይናገራል። ሁለተኛው ጠባይ የለም። ይህ እንግዲህ የጸሐፊው ደብተር ነው።

4. የጃቫስክሪፕት ሁለት መንገዶች

ጃቫስክሪፕት የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ብሬንዳን አይክ እ.ኤ.አ. በ1995 ፈጠረው። መጀመሪያ የታሰበው በኢንተርኔት ገጾች ላይ እንዲሠራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ግን ራያን ዳል ኖድ ጄኤስ የተባለውን መሣሪያ ስላወጣ ቋንቋው በሰርቨርም ላይ እንደ ልብ የሚሠራበት ሆነ። ከዚህ በታች የሚመጡት የትእዛዝ ስሞች በኮምፒዩተሩ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ሲሆን፥ እዚህ ላይ ግን እንደ አነባበባቸው ቀርበዋል።

በዚህ ቋንቋ ውስጥ የዕጣ ቁጥር ለማውጣት ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው «ማዝ ራንደም» ነው። ይህ ትእዛዝ ከ0 ጀምሮ ከ1 የሚያንስ ክፍልፋይ ይሰጣል። ለጨዋታ፥ ለሥዕልና ለመለማመጃ ጥያቄዎች መምረጫ እጅግ መልካም ነው። ነገር ግን ሥራው ከላይ እንዳየነው ሒሳብ ነው። ኖድ ጄኤስ የቆመበት ቪ8 የተባለው ሞተር እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ላይ የቀድሞውን ደካማ ደንብ ትቶ «ኤክስኦርሺፍት 128 ፕላስ» የሚባለውን የተሻለ ደንብ ያዘ። የቁጥሮቹ ድብልቅ አማረ፤ ይሁን እንጂ ጥቂት ተከታታይ ቁጥሮችን ያገኘ ሰው ወደ ኋላ አስልቶ የውስጡን ሁኔታ በማወቅ የሚመጡትን ሊናገር ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ «ክሪፕቶ» በሚባለው ክፍል ውስጥ የሚገኘው «ራንደም ባይትስ» ነው። ይህ ትእዛዝ ቁጥሩን የሚያወጣው ከኮምፒዩተሩ አስተዳዳሪ ፕሮግራም እየተቀበለ ነው። አስተዳዳሪው ፕሮግራምም በበኩሉ ማንም በውል ሊቈጣጠራቸው የማይችሉትን ጥቃቅን ነገሮች ይሰበስባል፤ ይኸውም የመሣሪያዎቹ ምልክት የደረሰበትን እጅግ ጥቃቅን ቅጽበትና በኤሌክትሪክ ክፍሎች ውስጥ ያለውን ተፈጥሯዊ መናወጥ የመሰለ ነው። እነዚህን ካደባለቀ በኋላ ውጤቱን ወደ ኋላ ለማስላት በማይቻል የምሥጢር ሒሳብ ያሳልፈዋል። ወረቀቱን የሚያናውጠው እጅ እዚህ ተገኘ ማለት ነው።

ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው። ምሥጢርን ለሚጠብቅ ነገር ሁሉ ማዝ ራንደም አይነካም፤ ክሪፕቶ ይያዛል።

5. የሚያጋጥሙ ስሕተቶችና መታረሚያቸው

ሀ. ቶክንን ከሰዓት መሥራት። አንዳንድ ጀማሪ የወቅቱን ሰዓት በሚሊሰከንድ ወስዶ ቶክን ያደርገዋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ያሉት ሚሊሰከንዶች 3,600,000 ናቸው፤ ይህ ለሰው ብዙ ቢመስልም ለኮምፒዩተር ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ኢያን ጎልድበርግና ዴቪድ ዋግነር የተባሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፥ በዚያን ጊዜ ስመ ጥሩ የነበረው የኔትስኬፕ ፕሮግራም የምሥጢር ቁጥሩን ከሰዓትና ከኮምፒዩተሩ ተራ የሥራ ቁጥሮች እንደሚሠራ ደርሰው በመግለጥ መቆለፊያው ሊከፈት እንደሚችል አሳዩ። ሰዓት ለሁሉ የታየ ነገር ስለሆነ ምሥጢር ሊሆን አይችልም።

ለ. «ክሪፕቶ አይታወቅም» ወይም «ራንደም ባይትስ ትእዛዝ አይደለም» የሚል መልስ። ይህ ስሕተት ብዙ ተማሪ ያስጨንቃል፤ ምክንያቱም ትእዛዙ በኖድ መሞከሪያ መስኮት ላይ ሲጻፍ ይሠራል፤ በፋይል ውስጥ ሲጻፍ ግን እምቢ ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው። መሞከሪያው መስኮት የክሪፕቶን ክፍል ራሱ ያቀርባል፤ በፋይል ውስጥ ግን ጸሐፊው በመጀመሪያው መስመር ላይ በ«ሪኳየር» ወይም በ«ኢምፖርት» ሊጠራው ይገባል። በአዲሶቹ የኖድ እትሞች፥ ማለት ከ19ኛው ወዲህ፥ ሳይጠራ የሚገኝ ክሪፕቶ የሚባል ሌላ ነገር አለ፤ ይህ ግን ከድረ ገጽ ዓለም የመጣ ሞክሼው ነው፤ ራንደም ባይትስ የሚባል ትእዛዝ የለውም። መታረሚያው «ኖድ ክሪፕቶ» የሚለውን ክፍል በስሙ ጠርቶ ማስገባት ነው።

ሐ. ውጤቱን ሳይጠብቁ መሄድ። ራንደም ባይትስ በሁለት ዐይነት ይታዘዛል። የባይቱ ብዛት ብቻ ሲሰጠው ውጤቱን እዚያው ይመልሳል። ከብዛቱ ጋር ሥራ ተቀባይ ትእዛዝ ሲሰጠው ግን ውጤቱን ለዚያ ለተቀባዩ ያስረክባል እንጂ ለጠሪው ምንም አይመልስም። ይህን ያላስተዋለ ሰው የተመለሰለትን ባዶ ነገር ከጽሑፍ ጋር ቢያያይዘው «አንዲፋይንድ» የሚል ቃል ይጻፍለታል፤ ትርጓሜውም «ያልተወሰነ» ማለት ነው። እንግዲህ የደንበኞቹ ሁሉ ቶክን አንድ ዐይነት ሆነ ማለት ነው! ለሺህ ቤት አንድ ቍልፍ እንደ መስጠት ይቈጠራል። መታረሚያው ውጤቱን በተቀባዩ ትእዛዝ ውስጥ መጠቀም ወይም «አዌይት» በሚለው ቃል መጠበቅ ነው፤ ለዚህ ግን ትእዛዙ አስቀድሞ ወደ «ፕሮሚስ» መለወጥ አለበት።

መ. ባይትን ያለ ደንብ ወደ ጽሑፍ መለወጥ። ራንደም ባይትስ የሚሰጠው ጽሑፍ ሳይሆን እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 የሆኑ ጥሬ ቁጥሮችን ነው። «ቱ ስትሪንግ» የሚለውን ትእዛዝ ያለ ማብራሪያ ብንጠቀም ኮምፒዩተሩ ቁጥሮቹን እንደ ተራ ጽሑፍ ሊያነባቸው ይሞክራል፤ ፊደል ያልሆኑትን ሁሉ በአንድ ዐይነት የጥያቄ ምልክት ይተካቸዋል። የተለያዩ ባይቶች አንድ ምልክት ስለሚሆኑ ከምሥጢሩ ብዙው ይጠፋል። መታረሚያው «ሄክስ» ብሎ ማዘዝ ነው፤ በዚህ ጊዜ 32 ባይት በ64 ምልክቶች ይጻፋል። አጭር እንዲሆን የፈለገ «ቤዝ 64 ዩአርኤል» ቢል 43 ምልክቶች ያገኛል። ተራው ቤዝ 64 ግን የመደመርና የዝባዝ ምልክቶችን ስለሚጨምር በኢንተርኔት አድራሻ ውስጥ ሲላክ ሊበላሽ ይችላል።

ሠ. ዕድልን ማበላለጥ። አንድ ባይት ወስደን ለ10 አካፍለን ቀሪውን እንደ አሃዝ ብንይዝ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን 256 ለ10 እኩል አይካፈልም። 256 ሰዎች በ10 በሮች በተራ ይግቡ ብንል፥ 250ዎቹ በእያንዳንዱ በር 25 ሆነው ይገባሉ፤ የቀሩት 6 ሰዎች ግን በመጀመሪያዎቹ 6 በሮች ይጨመራሉ። ስለዚህ ከ0 እስከ 5 ያሉት አሃዞች 26 ዕድል ሲኖራቸው ከ6 እስከ 9 ያሉት 25 ብቻ ይኖራቸዋል። ከወረቀቶቹ አንዳንዶቹን አስፍቶ እንደ መቍረጥ ነው። መታረሚያው ከ250 ጀምሮ የወጣውን ጥሎ እንደገና ማውጣት ነው። «ራንደም ኢንት» የሚባለው የክሪፕቶ ትእዛዝ ይህን ራሱ ይሠራልና እርሱን መጠቀም ይሻላል። ባለ 6 አሃዝ ቁጥር በዚህ ሲወጣ ግን 417 የሚል ቁጥር ሊመጣ ይችላል፤ በፊቱ ዜሮ እየተጨመረ 000417 ተብሎ መሞላት አለበት።

ረ. አጭር ቁጥርን ያለ ጠባቂ መተው። ባለ 6 አሃዝ ቁጥር 1,000,000 ዐይነት ብቻ ነው። በሰከንድ 1,000 ጊዜ የሚሞክር ፕሮግራም ከ17 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሁሉንም ይጨርሳል። ስለዚህ የሙከራው ብዛት በ3 ወይም በ5 ሊወሰን፥ ቁጥሩም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሊሻር ይገባል። በ32 ባይት የተሠራ ቶክን ግን ዐይነቱ በ78 አሃዝ የሚጻፍ ቁጥር ያህል ስለሆነ በመሞከር አይገኝም።

ሰ. ምሥጢሩን በየቦታው መጻፍ። ፕሮግራም ጸሐፊው ሥራውን ለመፈተን ቶክኑን በመዝገብ ላይ ያሳትምና ሳይሰርዘው ይረሳዋል። መዝገቡን ያየ ሁሉ ባለቤት ይሆናል። በመረጃ ቋትም ቢሆን ቶክኑ ራሱ ሳይሆን በ«ሻ 256» የወጣው አሻራው ቢቀመጥ፥ ቋቱ የተሰረቀ እንደሆነ እንኳ ሌባው ቍልፉን አያገኝም።

6. ማስጠንቀቂያን ዝም ማሰኘት

ከላይ ከተዘረዘሩት ሁሉ የሚከፋ አንድ ስሕተት አለ። ራንደም ባይትስ እምቢ ያለበት ጊዜ ቢያጋጥም፥ ፕሮግራሙ እንዳይቆም ብሎ «ይህ ካልሠራ በማዝ ራንደም ሥራ» የሚል መስመር መጨመር ነው። ይህን ያደረገ ሰው ስሕተቱን ያረመ ይመስለዋል። ቀዩ ጽሑፍ ጠፍቷል፤ ሥራውም ይሄዳል። በእውነት የሆነው ግን፥ የሚሰማው ስሕተት በማይሰማ ስሕተት መተካቱ ነው። ትክክለኛው ነገር ሥራውን አቁሞ ለተጠቃሚው «ጥቂት ቆይተው ይሞክሩ» ማለትና ምክንያቱን መመርመር ነው። በር የሚዘጋ ቍልፍ ቢጠፋ በሩን በገመድ አስሮ «ተቆልፏል» ብሎ መጻፍ አይገባምና።

ይህ በታላላቅ ሥራዎችም ላይ ደርሷል። ዴቢያን በሚባለው የኮምፒዩተር አስተዳዳሪ ፕሮግራም ላይ፥ እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ መርማሪ መሣሪያ ማስጠንቀቂያ ስላሳየ ምክንያት የሆኑት መስመሮች ከሥራ ውጭ ተደረጉ። ማስጠንቀቂያው ዝም አለ። ነገር ግን ከእነዚያ መስመሮች አንዱ የዕጣውን ወረቀት የሚያናውጠው እጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ ፕሮግራም የሚወጡት ቍልፎች ለእያንዳንዱ ዐይነትና መጠን 32,768 ያህል ብቻ ሆኑ። ጥፋቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 ነው። ሁለት ዓመት ያህል ሁሉ ነገር ደኅና መስሎ ሠርቷል፤ የተሠሩትም ቍልፎች ሁሉ ተጥለው በአዲስ መተካት ነበረባቸው።

7. ዕጣውና የሚያምነው ሕዝብ

በአገራችን የኮምፒዩተር ዕጣ ምን ያህል የሰው ተስፋ እንደሚሸከም የታየው በአዲስ አበባ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ለ25,491 የጋራ መኖሪያ ቤቶች በኮምፒዩተር ዕጣ ወጣ። ለዓመታት ሲቆጥቡ የኖሩ ሰዎች የዚያን ቀን ይጠባበቁ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ለዕጣው ብቁ ያልሆኑ ሰዎች በመረጃው ውስጥ ገብተው መገኘታቸው ተገለጠና የከተማው አስተዳደር ዕጣውን ሰረዘው። በ2015 ዓ.ም. በኅዳር ወር ዕጣው እንደገና ወጣ። ከዚህ የምንማረው ነገር ቢኖር፥ ዕጣ የሚወጣበት ሒሳብ ብቻ ሳይሆን ወደ ዕጣው የሚገባው የስም ዝርዝርም በእኩል መመርመር እንዳለበት ነው። ወረቀቱ የቱንም ያህል ቢናወጥ፥ ገንዘብ ያልጣለ ሰው ስም በውስጡ ካለ ዕቁቡ ትክክል አይሆንም።

በአሜሪካም ኤዲ ቲፕተን የተባለ ሰው የብዙ ክፍላተ አገር ሎተሪ ማኅበር የጸጥታ ኃላፊ ሆኖ ሲሠራ፥ የዕጣ ቁጥር በሚያወጣው ፕሮግራም ውስጥ በዓመት ጥቂት ቀኖች ብቻ የሚወጣውን ለማወቅ የሚያስችል መስመር አስገባ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተገዛ የ16.5 ሚሊዮን ዶላር ትኬት ነገሩን አስገለጠ፤ በ2017 ጥፋቱን አምኖ እስከ 25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በቀሩት ቀኖች የሚወጡት ቁጥሮች ደኅና ስለነበሩ ቁጥሮቹን ብቻ በመመልከት ጥፋቱን ማወቅ አስቸጋሪ ነበር። ዕጣ መምሰልና ዕጣ መሆን ልዩ ልዩ መሆናቸውን ይህ ታሪክ በግልጥ ያሳያል።

ማጠቃለያ

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። ስሕተት ሲያጋጥመን ከሥሩ መርምረን እናርመው እንጂ ድምፁን ብቻ አናጥፋው። ነገ ከጓደኞቻችን መካከል በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ስፍራ ይህንኑ ሙያ ተምረው የሕዝብ ገንዘብ የሚጠብቅ ፕሮግራም የሚጽፉ ይኖራሉ። በዚያን ጊዜ የደራ ገበያ ነጋዴም ሆነች የአዲስ አበባ ቆጣቢ የጻፉትን መስመር አይተው ሊመረምሩ አይችሉም፤ የሚያምኑት ጸሐፊውን ነው። እንግዲህ ይህን አደራ የሚሸከም ሰው፥ ማንም በማያይበት መስመር ላይ እንኳ ታማኝ ሊሆን ይገባዋል።

መለማመጃ ጥያቄዎች

1. በሦስተኛው ክፍል በተጻፈው ደንብ ከ5 ይልቅ በ4 ብናባዛ፥ ከ1 ጀምሮ የሚወጡት ቁጥሮች ምን ይሆናሉ? ዕጣ ይመስላሉን?

2. አንድ ባይት ለ6 ተካፍሎ ቀሪው እንደ ዳይ ቁጥር ቢያዝ፥ ዕድላቸው የሚበልጠው የትኞቹ ቀሪዎች ናቸው? እኩል እንዲሆኑስ የትኞቹን ባይቶች መጣል ያስፈልጋል?

3. 4 አሃዝ ያለው የምሥጢር ቁጥር ስንት ዐይነት ሊሆን ይችላል? በሰከንድ 1,000 ጊዜ የሚሞክር ፕሮግራም በምን ያህል ጊዜ ይጨርሰዋል?